ከወለድ አገድ እስከ ሐራጅ፦ በዕዳ የተያዘ ቤት የመሸጥና የመግዛት ታሪክ

በዕዳ ለተያዘ ቤት ዋጋ አቅርቦ መግዛት በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ የለውም። ቤትንና መሬትን በመያዣ ሰጥቶ መበደር ግን ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። አበዳሪ ገንዘቡ ባይመለስለት የተያዘውን ንብረት እየተጠቀመበት ይቆይ ነበር እንጂ ገበያ አውጥቶ ለሦስተኛ ሰው የመሸጥ ልማድ አልነበረውም። ገዥ የሚባለው ሰው ወደ ነገሩ የገባው መሬት በስም መመዝገብ፣ ባንክ ማበደር፣ ፍርድ ቤትም ንብረት መሸጥ ከጀመሩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህም ለገዥው አስቸጋሪው ነገር የዋጋው መጠን ብቻ ሆኖ አያውቅም። በከፈለው ገንዘብ ከቤቱ ጋር ምን ምን እንደሚመጣበት አስቀድሞ ማወቅም የዚያኑ ያህል ሲያስቸግር ኖሯል።

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ በርስት አገር የተለመደው ውል ወለድ አገድ ነበር። ገንዘብ የቸገረው ባለርስት መሬቱን ወይም ቤቱን ለአበዳሪው ያስረክባል። አበዳሪው መሬቱን እያረሰ፣ ቤቱንም እየኖረበት ወይም እያከራየ ይቆያል። ከንብረቱ የሚያገኘው ጥቅም የወለዱ ምትክ ነው፤ ባለርስቱ ዋናውን ገንዘብ በመለሰ ዕለት ንብረቱን መልሶ ይረከባል። ፍትሐ ነገሥት አራጣን አጥብቆ በሚያወግዝበት አገር ይህ ዓይነቱ ውል ለአበዳሪ ህሊናም ለተበዳሪ ክብርም የሚመች ነበር። አበዳሪው አራጣ በላ አይባልም፤ ተበዳሪውም ርስቱን ሸጠ ተብሎ አይወቀስም። ርስት ከአያት ቅድመ አያት የወረደ የዘር ሀብት ስለሆነ ባለይዞታው ብቻውን ሊሸጠው ቢነሣ ወንድምና የአጎት ልጅ ይነሡበት ነበር። በወለድ አገድ ማስያዝ ግን መመለሻ ያለው ነገር ስለሆነ ያን ያህል አያጣላም።

የውሉ ደካማ ጎን ጊዜ ነበር። ብዙውን ጊዜ የመመለሻ ቀን አይቆረጥለትም፤ ዕዳው ከአባት ወደ ልጅ፣ ንብረቱም ከአበዳሪው ወደ ወራሾቹ ይተላለፋል። ከብዙ ዓመት በኋላ የባለርስቱ የልጅ ልጅ ገንዘብ ቋጥሮ ሲመጣ፣ የአበዳሪው የልጅ ልጅ መሬቱ የተገዛ እንጂ የተያዘ አይደለም ብሎ ይሟገተዋል። ጽሑፍ ከሌለ ዳኛው የሚይዘው የሽማግሌዎችን ቃል ነው። ዛሬ በጨረታ ቤት የሚገዛ ሰው የሚፈራው ነገር፣ ማለትም ከሽያጩ በኋላ ድንገት ብቅ የሚል ባለመብት፣ ሥሩ እዚህ ድረስ ይወርዳል።

ዕዳ የሚጠየቀው ከንብረቱ ይልቅ ከሰውየው ነበር። አበዳሪና ተበዳሪ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ፤ ዋስ ያለው በዋሱ ይለቀቃል፣ ዋስ የሌለው ቁራኛ ሆኖ ይውላል። ወደ ኢትዮጵያ የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ይህን ልማድ በጽሑፍና በፎቶግራፍ መዝግበውታል። ሰውየውን ማስጨነቅ ዘመድን ያስጨንቃል፤ ዘመድ አዋጥቶ ይከፍላል። ንብረት ይሸጥ የሚል ፍርድ ቢሰጥ እንኳ የዘመድ ርስት ለመግዛት የሚደፍር ባዕድ ብዙ አልነበረም።

ከተማ ላይ ሁኔታው ይለያል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ቤትና ቦታ ይሸጥና ይለወጥ እንደነበር በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የተጻፉ ውሎች ይመሰክራሉ። ሻጩና ገዥው፣ በወቄት ወርቅ ወይም በአሞሌ ጨው የተቆረጠው ዋጋ፣ ምስክሮቹና ዋሶቹ በስም ተዘርዝረዋል። ውሉ ከወንጌል ጋር አብሮ መጻፉ ማንም ደፍሮ እንዳይፍቀው የታሰበ ጥበቃ ነው። መዝገብ ቤት ባልነበረበት ዘመን ቤተ ክርስቲያን የመዝገብ ቤቱን ሥራ ስትሠራ ነበር ማለት ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቦታው ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ በሰፈር በሰፈር ተሰጠ። ቦታው የተሰጠው ለአገልግሎት ስለነበር እንደ ገንዘብ የሚለወጥ ሀብት አልሆነም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ባወጡት የመሬት ደንብ የከተማው ባለይዞታ ቦታውን በስሙ አስመዝግቦ መሸጥ፣ መለወጥና ማውረስ እንዲችል ተፈቀደ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1898 ዓ.ም.፣ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ጀምሮ ነበር። የተመዘገበ ቦታና የሚያበድር ባንክ በአንድ ከተማ ሲገናኙ ቤት በገንዘብ የሚመዘን መያዣ ሆነ። ይሁን እንጂ ባንኩ የሚያውቀው ነጋዴውንና የውጭ ዜጋውን ነበር። ተራው የከተማ ነዋሪ ገንዘብ ሲቸግረው ከሕንድ፣ ከአርመንና ከግሪክ ነጋዴዎች ወይም ከአገሩ ባለጸጋ ይበደር ነበር፤ አስይዞ የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ ያቺኑ የቦታ ወረቀት ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሆነ። በ1950ዎቹ ለመኖሪያ ቤት ሥራና ግዥ የሚያበድሩ የቁጠባና የቤት ብድር ድርጅቶችም ተቋቋሙ። ደመወዝተኛው ቤት ሠርቶ ዕዳውን በየወሩ የሚከፍልበት ሥርዓት የተጀመረው ያኔ ነው። በወር ክፍያ የሚኖር ቤት ከመጣ ደግሞ ክፍያው የሚቋረጥበት ቤት መምጣቱ አይቀርም፤ ለዚያ የሚሆን ሕግ ያስፈልግ ነበር።

ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣን ከቁጥር 3041 ጀምሮ በዝርዝር ደነገገ። መያዣው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልተጻፈ ውጤት የለውም፤ ከተጻፈ ደግሞ ምዝገባው ለ10 ዓመት ይጸናል። አንድ ቤት ለብዙ አበዳሪ ቢያዝ ቀድሞ ያስመዘገበው ቀድሞ ይከፈለዋል። ወለድ አገድም አልተሻረም፤ ከቁጥር 3117 ወዲህ የራሱ ክፍል ተሰጥቶት በጽሑፍ ሕግ ውስጥ ገባ። ከባሕር ማዶ በመጣ ሕግ ውስጥ የአገሩ ውል እንዲህ ቦታ ማግኘቱ ሁልጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም፤ በዚህ በኩል ግን የፈረንሳይ ሕግም ተመሳሳይ ውል ያውቅ ስለነበር ነገሩ ቀለለ።

ለዚህ ታሪክ ከሁሉ የሚከብደው ቁጥር 3060 ነው። ዕዳው በቀኑ ባይከፈል ቤቱ የአበዳሪው ይሁን፣ ወይም አበዳሪው በሕግ የተወሰነውን ሥርዓት ሳይጠብቅ ይሽጠው የሚል ስምምነት ዋጋ የለውም ይላል። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ብር የቸገረው ሰው ውል ሲፈርም የማይፈርመው ነገር የለም፤ ስለዚህ ከራሱ ፊርማ ሊጠበቅ ይገባል። አበዳሪው ከቤቱ ዋጋ ገንዘቡን ማግኘት የሚችለው ከሶ፣ አስፈርዶና በፍርድ ቤት በኩል አሽጦ ብቻ ነው።

የአሻሻጡን መንገድ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ዘረጋ። ይህ ሕግ ከሕንድ የሥነ ሥርዓት ሕግ ብዙ የወሰደ ነው። ስለ ፍርድ አፈጻጸም የሚናገረው ክፍል ንብረት እንዴት እንደሚከበር፣ ምን ምን እንደማይነካ፣ ሐራጁ እንዴት እንደሚታወጅና ማን እንደሚያካሂደው ያስረዳል። እዚህ ላይ ገዥው የራሱ ስም ያለው ባለጉዳይ ሆነ። ዋጋ የሚያቀርበው ለባለዕዳውም ለአበዳሪውም ሳይሆን ለፍርድ ቤት ነው፤ ሻጩ ሳይወድ በዳኛ ትእዛዝ የሚሸጥ ቤት ይገዛል። ይህ ለገዥው ዋስትና ነበር። የፍርድ ቤት መንገድ ረጅም መሆኑ ደግሞ የዋስትናው ዋጋ ነበር። ባለዕዳው ይግባኝ ይላል፣ ሚስት መቃወሚያ ታቀርባለች፣ ወንድም ድርሻ አለኝ ይላል፤ ይህ ሁሉ እስኪጣራ ቤቱ ከነነዋሪው ዓመታት ይቆያል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ገበያ ከሥሩ ነቀለው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ቦታ መሸጥም ማስያዝም ቀረ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር ያነሰ ትርፍ ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። በአንድ ሌሊት ባለብዙ ቤት የነበረው ባለሀብት የሚያስይዘው አጣ፤ አበዳሪም የሚይዘው አጣ። ከአዋጁ በኋላ የቤት ብድር ሥራ በቤቶችና ቁጠባ ባንክ እጅ ተጠቃለለ። ባንኩ በዋናነት የሚያበድረው ለቤት ሠሪ ማኅበራትና ቤት ለሚሠራ ግለሰብ ስለነበር፣ በዕዳ የተያዘ ቤት ለማንም ገዥ አደባባይ ወጥቶ የሚጫረትበት ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል። ይኸው ባንክ በኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በመጨረሻም በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ መሬት በመንግሥት እጅ ቀጠለ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህን አጸና። ቤት ግን እንደገና ወደ ገበያ ወጣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ለግል ባንኮች በር ከፈተ፤ አዋሽ ቀዳሚው ሆነ፣ ዳሽንና አቢሲኒያ ተከተሉት። አዳዲሶቹ ባንኮች የሚያበድሩት ከአስቀማጭ የሰበሰቡትን ገንዘብ ነው፤ ያበደሩት ሳይመለስ ቀርቶ መያዣውን ለማሸጥ ፍርድ ቤት ሲሄዱ የጠበቃቸው የቆየው ረጅም መንገድ ነበር።

መልሱ በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መጣ። አዋጁ ከ38 ዓመት በፊት ቁጥር 3060 የከለከለውን ለባንኮች ፈቀደ። ባንክ በውሉ ላይ ከተስማማ፣ ዕዳው በጊዜው ያልተከፈለውን መያዣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ራሱ በሐራጅ መሸጥና ስሙን ለገዥው ማዛወር ይችላል። በሁለተኛውም ሐራጅ ገዥ ካልቀረበ ባንኩ ንብረቱን በመጀመሪያው ሐራጅ መነሻ ዋጋ ለራሱ ይረከባል። ሐራጁ የሥነ ሥርዓት ሕጉን የሐራጅ ደንብ ይከተላል፤ ባንኩ ሕጉን ጥሶ በተበዳሪው ላይ ጉዳት ቢያደርስ ካሣ ይከፍላል። አዋጁ በ1992 ዓ.ም. በቁጥር 216 ተሻሽሏል። በውሉ ላይ ከተስማማ የሚለው ሐረግ በወረቀት ላይ ትልቅ ነው፤ ብድር ለመውሰድ ባንክ ደጃፍ የቆመ ሰው ግን ያን አንቀጽ አውጡልኝ ብሎ የሚከራከርበት አቅም እምብዛም የለውም። የሕግ ባለሙያዎችም አበዳሪው ራሱ ዳኛና ሻጭ የሚሆንበትን ይህን ሥልጣን ፍትሕ ከማግኘት መብት ጋር እያስተያዩ ሲከራከሩበት ቆይተዋል። ባንኮቹ በበኩላቸው ያለዚህ ሥልጣን የአስቀማጩን ገንዘብ ማስመለስ አይቻልም ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ የሐራጅ ማስታወቂያ የጋዜጣ ቋሚ ዓምድ ሆነ። አቀራረቡ ከባንክ ባንክ ብዙ አይለያይም። መጀመሪያ ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/90 እና 216/92 በተሰጠው ሥልጣን መሠረት እንደሚሸጥ ይገልጻል። ቀጥሎ ሰንጠረዥ ይመጣል፦ የተበዳሪው ስም፣ የንብረት አስያዡ ስም፣ ቤቱ የሚገኝበት ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። ተበዳሪውና አስያዡ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዎች ናቸው። ልጅ ለንግድ ይበደራል፣ ወላጅ ቤቱን ያስይዝለታል፤ ዕዳው ሲበላሽ በጋዜጣ ስማቸው ጎን ለጎን ይወጣል። በሰፈር በኩል ከዕዳው ይልቅ ይህ ስም መውጣቱ የሚከብዳቸው ብዙዎች ናቸው፤ በዚህ በኩል ጋዜጣው የጥንቱን ቁራኛ ሥራ ይሠራል።

ከሰንጠረዡ በታች ለተጫራቹ የሚመለከተው ክፍል አለ። መጫረት የሚፈልግ የመነሻ ዋጋውን አንድ አራተኛ በባንክ የክፍያ ማዘዣ (ሲፒኦ) ያስይዛል። ያሸነፈ ሰው ያስያዘው ከዋጋው ላይ ታስቦለት ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ አጠቃሎ ይከፍላል፤ ካልከፈለ ያስያዘው ገንዘብ አይመለስለትም። የተሸነፈው ሲፒኦውን ይዞ ይሄዳል። በንብረቱ ላይ ለመንግሥት የሚፈለግ ግብርና የሊዝ ክፍያ፣ የስም ማዛወሪያውም ወጪ በገዥው ላይ እንደሚሆን ይጻፋል። ቤቱን አስቀድሞ ማየት የሚፈልግ ከባንኩ ጋር ቀጠሮ ይዞ ይጎበኛል፤ ነዋሪው በር ከከፈተለት ነው እንግዲህ።

ሐራጁ የሚካሄደው በባንኩ አዳራሽ ወይም በቅርንጫፉ ነው። ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ 4፡00 እስከ 6፡00 ይቆረጣል። የመጀመሪያው ሰዓት ለምዝገባና ሲፒኦ ለመቁጠር ይውላል፤ ልምድ ያለው ተጫራች ቶሎ ዋጋ አይጠራም። አንዱ መነሻ ዋጋው ላይ ትንሽ ጨምሮ ይጀምራል፣ ሌላው ያክልበታል፤ ሰዓቱ እየተቃረበ ሲሄድ ጭማሪው ይፈጥናል። ተበዳሪውና አስያዡ የመገኘት መብት ስላላቸው አንዳንዴ ቤታቸው በቁጥር ሲጠራ ተቀምጠው ይሰማሉ። ሐራጁ ሳይካሄድ ዕዳውን የከፈለ ቤቱን ያስለቅቃል፤ ስለዚህ ዋዜማ ላይ ከዘመድ ተለቅሞ የመጣ ገንዘብ ማስታወቂያውን የሚያሰርዝበት ጊዜ አለ። ቤቱ ከዕዳው በላይ ከተሸጠ ትርፉ ለባለንብረቱ ይመለሳል፤ ከጎደለ ባንኩ ቀሪውን ከተበዳሪው ይጠይቃል።

ተጫራቹ ዋጋ ሲሰጥ የሚገዛውን ነገር በትክክል ማወቁ ከባድ ነው። መሬት የመንግሥት ስለሆነ በሕግ ዓይን የሚሸጠው ሕንፃውና የመጠቀም መብቱ ነው፤ በገበያ ዓይን ግን ዋጋውን የሚወስነው ሰፈሩ ነው። የፈረሰ ጭቃ ቤት በመሀል ከተማ፣ ዳር ካለ ጥሩ ቪላ ሊበልጥ ይችላል። የባንክ መሐንዲስ ግንባታውን ለክቶና አስልቶ የሚያወጣው መነሻና አዳራሹ ውስጥ የሚጠራው ዋጋ አንዳንዴ የማይተዋወቁት በዚህ ምክንያት ነው። በሊዝ የተያዘ ቦታ ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የሊዝ መብትን ማስያዝ የሚፈቅደው በተከፈለው የሊዝ ክፍያ ልክ ስለሆነ፣ ያልተከፈለው ዘመን ለገዥው ይተርፋል።

ከዚያ የትዳር ጓደኛ ጉዳይ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለሁለቱም ፈቃድ እንዳይሸጥና እንዳይያዝ ይከለክላል። ያልፈረመው ወገን ውሉን ማፍረስ የሚችለው ካወቀ በ6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። በባንኮች የብድር ክፍል የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ አጥብቆ መጠየቅ ልማድ የሆነው ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ ባልየው ላጤ ነኝ ብሎ ባስያዘው ቤት ላይ ሚስት ከነልጆቿ የምትቀርብበት ክስ ለችሎት እንግዳ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 639 ከባንክና ከማይክሮ ፋይናንስ ጋር የሚደረጉ የመያዣ ውሎች በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረጉ የነበረውን ግዴታ አነሣ። ይህም ብድሩን አፋጠነ፤ ማን ፊት ተፈረመ የሚለውን ክርክር ግን ወደ ባንኩ ፋይል አዞረው።

ጨረታው ካለቀ በኋላ ባንኩ ስም እንዲዛወር ለክፍለ ከተማው ይጽፋል። ዕዳና እገዳ ይጣራል፣ ክፍያ ይፈጸማል፣ ካርታው በገዥው ስም ይወጣል። ነዋሪው ግን በካርታ መዞር ብቻ አይወጣም። በወዳጅነት የሚለቅ አለ፤ የመጓጓዣና የኪራይ መነሻ ገንዘብ ከገዥው ተቀብሎ የሚለቅም አለ። አልወጣም ያለ ጊዜ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ይመለሳል፤ አዋጁ ሊያሳጥረው የተነሣው መንገድ ጫፉ ላይ ገዥውን ይጠብቀዋል። ልምድ ያላቸው ገዥዎች ይህን ወጪና ጊዜ አስቀድመው ከሚሰጡት ዋጋ ላይ ይቀንሱታል፤ የሐራጅ ቤት ርካሽ ነው የሚባለው ወሬም ግማሹ ከዚህ ይመነጫል።

በሁለት ሐራጅ ገዥ አጥተው ባንኩ የተረከባቸው ቤቶች ሌላ ዓይነት ገበያ አላቸው። የባንክ ሥራ ማበደር እንጂ ቤት ይዞ መቀመጥ ስላልሆነ፣ በስሙ ያዞራቸውን ቤቶች በግልጽ ጨረታ መልሶ ያወጣቸዋል። እዚህ ላይ በቃል መጠራራት የለም፤ ተጫራቹ ዋጋውን ጽፎ ከሲፒኦው ጋር በታሸገ ፖስታ ያስገባል፣ ፖስታዎቹ በተባለው ቀን ተጫራቾች ባሉበት ይከፈታሉ። የሚሸጠው ባንኩ ራሱ ባለቤት ሆኖ ስለሆነ የቀድሞው ባለዕዳ ከሽያጩ ውጭ ነው፤ ዕዳ ከፍሎ የማስለቀቅ መብቱም አልፏል። አንዳንድ ባንኮች ለአሸናፊው ከዋጋው ከፊሉን በብድር ያመቻቻሉ፤ ለዚያ ብድር መያዣ የሚሆነው ያው የተገዛው ቤት ነው።